ለሙሽራዋ የተላከው አምባር

ጅዳ፣ ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት ለመሕቡባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አንቺ፣ ወንድሜ ሙንታሲር፣ እናታችን ዘይባ፣ ጎረቤቱም ከብቱም ሰላም ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ወገቤን ከማመሙ በቀር ክፉ አላየሁም። አላህ በአካል ያገናኘን፤ አሚን በይ።

በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። እማዬ ስልክ ጆሮዋ ላይ አታስጠጋም፤ ላውድ ላይ ታደርገውና ቤቱ ሙሉ ይሰማል። ባለፈው ስለ ወገቤ የነገርኳት በማግስቱ ቡታጅራ ገበያ ደርሷል አሉ። ይህን ወረቀት ወደ አገር በምትገባ የመስቃን ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ ይህ ነው። ከሙንታሲር ጋር ከተጋባችሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እማዬ የወንድ ልጇን ልጅ ሳላይ ልሞት ነው እያለች ታለቅሳለች። አጎታችን ሰይዶም «ይሄ ቤት ሊዘጋ ነው» ይላል። እኔ አንቺን ከእህቴ ለይቼ አላይሽም፤ ክብርሽ ሳይነካ እንዲያልቅ የምፈልገውም ለዚህ ነው። በእኛ ዘንድ አስተዋይ ሚስት ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። ሁለተኛዋን ራሷ ትመርጣለች። ልጅቷን አይታ፣ ቤተሰቧን አስጠይቃ፣ በገዛ እጇ ወርቅ አጥልቃላት ታስገባታለች። ያኔ የሚወለዱት ያንቺም ልጆች ይሆናሉ፤ ሰውም መሕቡባ ጨዋ ናት ይላል። ሌላ ሰው ከመረጣት ግን አንቺ በቤትሽ እንግዳ ትሆኛለሽ።

ለአረፋ ወንዶቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ይለቅ ብለናል። ወርቁ በእኔ ነው። አንቺ ልጅቷን ብቻ ፈልጊ።

የእኔን ታሪክ ታውቂዋለሽ። እኔ በዚሁ ነገር፣ ማረቆ ቆሼ ከተማ ከሚኖረው ባሌ ከሸረፋ ተፈትቼ፣ ፍራሼን አሸክመው ነው የመለሱኝ። አንቺን ግን ማንም ውጪ አላለሽም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሪው።

መልስሽን በቶሎ እጠብቃለሁ።

እህትሽ ከድጄ


ቡታጅራ፣ የካቲት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ከድጄ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወገብሽን አላህ ያሽርልሽ፤ ሰው አገር የሚደክም ጉልበትሽን ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። እማ ዘይባ ጉልበቷን ትላለች እንጂ ትናንት ከእንሰቱ ማሳ ማንም አላስወጣትም።

ወረቀትሽ የደረሰኝ በርበሬ እየመዘንኩ ነው። ቆሜ ሳነብ ሚዛኑን ረስቼ ለደንበኛዬ ብዙ ጨምሬላታለሁ። እስካሁን እየመረቀችሽ ነው።

አሁን መልሴን ስሚ፤ አልመርጥም።

እትዬ፣ ንቀት አይደለም። በዚህ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጠጪ የተባልኩትን ጠጥቻለሁ። ሬት የሚያስንቅ ሥር ቀቅለው ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ቅቤ በባዶ ሆድ አሉኝ፣ ጠጣሁ። የምታሽ ሴትዮ ሆዴን ልክ እንደ ሊጥ አሸችኝ፤ ሳምንት ቀና ማለት አቅቶኝ ሰነበትኩ። ዱዓ አስደረግሁ፣ ስለት ገባሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድምሽ ምን ጠጣ? ሻይ ጠጣ።

እማ ዘይባ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንሰቱን ራሷ ነው የምትተክለው። የእንሰቱን ሥር፣ አምቾውን፣ ቀብራ ትጠብቃለች። ቡቃያ ካልወጣ ምን ታደርጋለች? ቆፍራ ታወጣውና አምቾውን ታገላብጠዋለች፤ በስብሶ ይሆን፣ አይጥ በልቶት ይሆን ትላለች። መሬቱን ፈትታ ሌላ መሬት ስታጭ ግን አላየኋትም።

ልጅ አልፈልግም አላልኩም። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ከእናቱ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ግን በምን መንገድ እናት እንደምሆን፣ መቼ እንደምሆን፣ ሰውነቴ ላይ ምን እንደሚደረግ ከእንግዲህ የምወስነው እኔና ባሌ ነን። ማሕፀኔ የዘመድ ሸንጎ የሚቀመጥበት ዋርካ አይደለም።

የቀረውን ወንድምሽን ጠይቂው። በኅዳር ወር ወልቂጤ ለምን እንደሄድን እሱ ይንገርሽ። እኔ ቃል አለብኝ።

ታዛዥሽ፣ በዚህ ነገር ግን የማልታዘዝሽ፣ መሕቡባ


ጅዳ፣ መጋቢት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለመሕቡባ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

ወረቀትሽ ላዩ ማር፣ ውስጡ በርበሬ ነው። ዕድሜዬን እንኳ አላከበርሽም። ስለ ወልቂጤ ሙንታሲርን በስልክ ጠየቅሁት። «ለንግድ ነው የሄድነው» አለኝ፤ እማዬም ከጀርባው «ለንግድ ነው» አለች፤ አጎት ሰይዶም «ለንግድ ነው» አለ። ታዲያ ምን ሚስጥር አለው ብለሽ ነው የምታስፈራሪኝ?

እንሰትና ሰው አንድ አይደለም። ወንድ ልጅ ጤነኛ ሆኖ እያረሰ፣ እየነገደ፣ ጢሙ አገጩን ሞልቶት ምን ይሆናል? እኔ አንቺ ያለሽበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ከአንቺ በፊት ቆሜበታለሁ። እንቢታ አያዋጣም። እኔን ያዋጣኝ ዝም ማለት ነው።

ከዚህ ወረቀት ጋር የወርቅ አምባር ልኬያለሁ። ለሙሽራዋ ያሠራሁት ነው፤ የልጅ እጅ ቀጭን ስለሆነ አጥብቤ ነው ያሠራሁት። አደራ ብዬ በአንቺ እጅ አስቀምጬዋለሁ። አደራ እንደማትበዪ አውቃለሁ። እስከ አረፋ ካልመረጥሽ አጎት ሰይዶ ይመርጣል፤ የሚያጠልቅላት ሰው ግን አሁንም አንቺ ነሽ።

ከድጄ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ከድጄ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ረመዳን ከሪም። ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ፤ በሰው ቤት ሥራ እየሠራሽ በዚያ ሙቀት መጾምሽን ሳስብ ተቀይሜሽም ቢሆን አንጀቴን ትበዪዋለሽ።

አምባሩ ደርሶኛል። አደራ ነውና በጨርቅ ጠቅልዬ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ሌባ ቢመጣ እያስነጠሰ ይያዛል።

ልጽፍልሽ የዘገየሁት አኩርፌ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልንገርሽ ወይስ ልተው እያልኩ ስመላለስ ነው። በመጨረሻ መንገር ይሻላል አልኩ።

ከረመዳን በፊት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ የማረቆ በርበሬ ለመግዛት ቆሼ ወርጄ ነበር። የምገዛበት ሰውዬ ጆንያ ሲያስር ጎኑ የተቀመጡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው «ከቡታጅራ ነሽ? የማን ቤት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ከድጄ ደህና ናት?» አሉኝ። ያንቺ ሸረፋ ናቸው።

ደህና ናት አልኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ልጆችስ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አላህ አልሰጠንም» አሉ።

ከአንቺ በኋላ ሁለት አግብተዋል፣ እትዬ። የመጀመሪያዋ አምስት ዓመት ቆይታ እሷም እንዳንቺ ተመለሰች። ኢንሴኖ ከተማ ሌላ ባል አግብታ አራት ወልዳለች፤ የመጀመሪያው ልጇ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ሁለተኛዋ እስካሁን አለች፤ እሷም አልወለደችም። ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ሰውዬው ራሳቸውን እየነቀነቁ ምን አሉ መሰለሽ? «እኔ በሴት ዕድል የለኝም።»

ጆንያዬን አሸክሜ ወጣሁ። እዚያው ብቆይ አፌን አላምነውም ነበር።

እትዬ ከድጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያኔ ፍራሽሽን ሲያሸክሙሽ፣ አንቺን ማን መርምሮሽ ነበር? እሳቸውንስ?

መሕቡባ


ጅዳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሕቡባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

የዘገየሁት ወረቀት የሚወስድልኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ረመዳን አለቀ፣ ዒድ አለፈ፣ ስንት ሰው ወደ አገር ገባ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።

ማንም አልመረመረኝም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሸረፋ እናት «መሬቱ ጨው ነው» አለች፤ በቃ ያ ነው ምርመራው። እቤት ስገባ እማዬ አቅፋኝ አለቀሰች እንጂ «መካን ነሽ ያለሽ ማን ነው?» ብላ አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እዚህ ጅዳ አንድ የስልጤ ሰው ነበር፤ ሾፌር ነው፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምኖኛል። ጨዋ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። መካን ነኝ አልኩት። «እኔ የማገባው አንቺን ነው» አለኝ። እንቢ አልኩ፤ የሰው ቤት አልዘጋም ብዬ። ሌላ አግብቶ ሁለት ወልዷል። አንዳንዴ መንገድ ላይ አየዋለሁ፤ ልጆቹን አስይዞኝ ያውቃል።

እና ኢንሴኖ አራት ልጅ አለ!

አሁን አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ መሕቡባ። የእኔ አልፏል። ወረቀትሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ሳበስል ድስት አጋጫለሁ፤ እመቤቲቱ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ተናድጃለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳፍር ኖሬ አሁን መናደድ ምንኛ ያሳርፋል!

ሙንታሲር ወልቂጤ ምን ሊያደርግ ሄደ? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ንገሪኝ።

ከድጄ


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ከድጄ፣ ለእናቴ ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወረቀትሽን ይዤ በርበሬው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ በርበሬው ነው አለ፤ አዎ አልኩ።

በአላህ ስለያዝሽኝ እነግርሻለሁ።

እዚህ ጤና ጣቢያ ሲስተር ማዕዶት የምትባል ነርስ አለች። አባቷ ከጎንደር ለመምህርነት የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ያደገች፣ ጉራጊኛውን ከእኔ በላይ የምታስኬድ ናት። አምና ሆዴን ከታሸሁ በኋላ ሲያመኝ ሄድኩ። ሰምታኝ ስትጨርስ ያን የመሰለ ቁጣ! ከዚያ እጄን ይዛ «መውለድ አለመቻል ኃጢአት አይደለም፤ እንደማንኛውም ሕመም ምክንያት አለው፣ ሕክምናም አለው። ባልሽስ?» አለችኝ።

«ባሌ ምን ሆነ?»

«ይምጣ።»

ወራት ለመንኩት። በመጨረሻ ቡታጅራ ሰው ያየኛል፣ ወልቂጤ ከሆነ እሺ አለ። ወልቂጤ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ሲገባ በሩ ላይ ማንን ያገኛል? የቡታጅራ ባለሱቅ፣ እሱም ኮፍያውን ስቦ ሲወጣ። ሁለቱም «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ተባብለው ተላለፉ። እትዬ፣ እነዚህ ወንዶች ስንት ዘመድ አላቸው!

ከእኔ በኩል ምንም አልተገኘም። ከእሱ በኩል ዘሩ እጅግ ጥቂት ነው አሉን። በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር፤ ከዚያ ሊሆን ይችላል ብለዋል። አንቺ ነሽ አሉ በጀርባሽ አዝለሽ ያስታመምሽው።

ተስፋ የለም አላሉንም። ከእሱም ከእኔም ወስደው፣ ውጭ አገናኝተው፣ ወደ ማሕፀኔ ይመልሱታል። አዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ተጀምሯል፤ ሲስተር ማዕዶት ወረፋ አስይዛልናለች። «ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ የማይዋሽሽን ሰው ብቻ እመኚ» ብላኛለች። ሼህ ሙስተፋንም ጠይቄያለሁ። የባልና የሚስት ከሆነ፣ ጋብቻው ሳይፈርስ፣ ሦስተኛ ሰው ካልገባበት መታከም ሐራም አይደለም አሉኝ። ባይሳካ ወላጅ ያጣ ልጅ እናሳድጋለን፤ የአባቱን ስም ሳንነጥቀው።

ቀጠሮው ከአረፋ በኋላ ነው። ሁለታችንም ካልቀረብን ግን አይቀበሉንም። ሙንታሲር እሺም እንቢም አይልም። የዚያን ቀን ከወልቂጤ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ አለቀሰ፤ ለማንም አትንገሪ አለኝ። እወደዋለሁ። ስለምወደውም ቃል ገባሁለት። «ነውሩን እስከ አረፋ እሸከምልሃለሁ፤ ከአረፋ ወዲያ አልሸከምም» አልኩት። አሁን አጎት ሰይዶ ልጅ መርጧል አሉ፤ ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነው። እሱ ዝም ካለ ያችም ልጅ ነገ እንደኔ ሆዷን ትታሻለች፣ እንዳንቺም ፍራሿን ትሸከማለች።

እኔ ለራሴ ብቻ አይደለም እንቢ የምለው።

መሕቡባ


ጅዳ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

መሕቡባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰው ሊሄድ በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አላበዛም።

ጆሮ ደግፍ ሲይዘው ሰባት ዓመቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አዝዬው ነው ያደርኩት፤ ፊቱ አብጦ ጀርባዬ ላይ ይቃጠል ነበር።

አምባሩን ለሕክምናው ሽጪው። የአረፋ ዕለት፣ ወንዶቹ ሥጋ በልተው ነገር ሲጀምሩ፣ እደውላለሁ። ስልኩን ቻርጅ አድርጊው። ላውድ ማድረጉን ለእማዬ ተዪላት፤ እሷ ታውቅበታለች።

ከድጄ


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለከድጄ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ዒድ ሙባረክ። ወገብሽም፣ ጉሮሮሽም ሰላም ይሁን፤ ጉሮሮሽን ያልኩት የዚያን ቀን ከጮኽሽው በኋላ ሳይዘጋ አይቀርም ብዬ ነው።

በስልክ ያላየሽውን ልጻፍልሽ፤ የሰማሽውንም እንደገና ልጻፈው፤ ስጽፈው ደስ ይለኛል።

ወንዶቹ ከሶላት ተመልሰው በሬው ታርዶ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አጎት ሰይዶ አፉን ጠራርጎ «እንግዲህ የዚህ ቤት ነገር» ሲል ስልኩ ጮኸ። እማ ዘይባ እንደልማዷ አነሳችና ላውድ አደረገችው። «ልጄ ናት! ዝም በሉ!» አለች።

አንቺ ግን ዒድ ሙባረክ ካልሽ በኋላ ትንፋሽ እንኳ አልሰጠሻቸውም። «እማዬ፣ ሸረፋ ቤት ልጅ አለ?» አልሽ።

«ኧረ የለም፣ ምን አገናኘው?» አለች።

«ሦስት ሚስት አግብቶ ልጅ የለውም። ከእኔ በኋላ የፈታት ኢንሴኖ አራት ወልዳለች። እማዬ፣ እኔን ማን መረመረኝ? አጎት ሰይዶ፣ ፍራሼን ሲያሸክሙኝ እዚያ ነበሩ። ማንን ጠየቁ?»

አጎት ሰይዶ ስልኩን እንደ ሰው አየው። ሰው ሁሉ እጁን ከገበታው አነሳ። ከዚያ ወንድምሽን እንዴት እንደጠራሽው መቼም አልረሳውም።

«ሙንታሲር! ጆሮ ደግፍ ሲይዝህ አዝዬሃለሁ። ዛሬ አላዝልህም። ራስህ ቁም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላየሁትም፤ እንዳያፍር መሬት መሬት ነበር የማየው።  ዝም ካለ እኔ እናገራለሁ፣ ከተናገርኩ ደግሞ ትዳሬ እዚያው እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ከዚያ ሲነሳ ሰማሁት።

«ጉድለቱ የእኔ ነው» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ወልቂጤ ተመርምሬያለሁ። መሕቡባ ምንም የለባትም። ስሟን ስታጠፉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

አጎት ሰይዶ «ወንድ ልጅ ይመረመራል እንዴ?» አለ።

የመለሰችለት ማን መሰለችሽ? እማ ዘይባ። «አምቾ ይመረመራል፤ የእኔ ልጅ ከአምቾ ይበልጣል?» አለችው። እትዬ፣ በአላህ፣ እኔ ለአንቺ የጻፍኩትን አላነበብኩላትም! እንሰቷን ስለምታውቅ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ልጄ፣ አልጠየቅሁልሽም» አለች። ያኔ ነው አንቺ ማልቀስ የጀመርሽው። ላውድ ላይ ስለነበር ልቅሶሽ ቤቱን ሞላው፤ ማንም ስልኩን የሚዘጋ አልነበረም።

እኔም የምለውን አልኩ። «የምትወዱን ከሆነ ዱዓ አድርጉልን። ስለ ሰውነቴ ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሸንጎ አይቀመጥም። ያችን ልጅ ደግሞ ለቤተሰቦቿ ትምህርቷን ትጨርስ ብላችሁ ንገሯቸው» አልኳቸው። አጎት ሰይዶ ከብቶቹን ልይ ብሎ ወጣ። ከብቶቹን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

ማታ ያ ወልቂጤ ያገኘነው ባለሱቅ እቤት መጣ። ወሬው ደርሶት ነበር። ሙንታሲርን ወደ ጓሮ ወሰደውና ሲመለሱ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። «ዘመዱን እንዴት እንደጠየቀ ነገረኝ» አለኝ ባሌ። እነሱም አዲስ አበባ ወረፋ ይዘዋል፤ በአንድ መኪና እንሄዳለን።

ቀጠሮው መስከረም ውስጥ ነው። እፈራለሁ። ላይሳካ ይችላል፤ ለእሱም ሳለቅስ ታገኚኝ ይሆናል። ግን የማለቅሰው ላጣሁት ልጅ እንጂ ለስሜ አይሆንም። ያንን ጨርሻለሁ። አንቺም ከዚህ ወዲያ መካን ነኝ አትበይ፤ ማንም አልመረመረሽም። ሸረፋ ነው ያለሽ፣ ሸረፋ ደግሞ ምን ያውቃል።

አምባሩን ሽጪው ብለሽኝ ነበር። አልሸጥኩትም። ለመንገዱም ለመድኃኒቱም የበርበሬው ይበቃል፤ ካልበቃም ሙንታሲር የእርሻውን በሬ ይሸጣል እንጂ ያንቺን ጉልበት አልሸጥም። አደራ ደግሞ ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። ለዚህ ቤት ሙሽራ ልከሽው የለ? ይህን ቤት ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች ሙሽራ እኔ ነኝ። ባሌ በሳሙና አራሰው፤ እማ ዘይባ እጄን ይዛ ገፋችው።

ለልጅ እጅ ያሠራሽው ስለሆነ ጠቦኛል፣ ቆዳዬንም ትንሽ ልጦታል። አላወልቀውም።

እህትሽ መሕቡባ